አራት መድኃኒት ባንድ ቀን፦ የጡት ካንሰር ጥምር ሕክምናዬ

ለጡት ካንሰር ብዙ መድኃኒት አንድ ላይ ሲታዘዝ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «በቃ፣ በሽታው ከፍቷል ማለት ነው» ብሎ ነው። እኛም ቤት እንደዚያ ነበር የታሰበው። ታላቅ ወንድሜ የመድኃኒቱን ዝርዝር አይቶ «አራት? ባንዴ? ሰውነት ይችለዋል እንዴ?» አለ። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። መልሱን ያገኘሁት ቀስ በቀስ፣ ዶክተሬን እየጠየቅኩ፣ ሲስተሮቹንም እያስቸገርኩ ነው። አሁን የምጽፈው ያንን ነው። እያንዳንዱ መድኃኒት ዝርዝሩ ውስጥ ለምን እንደገባ ማወቄ ሕክምናውን ለመሸከም ረድቶኛል። ሕመሙ አልቀረልኝም። ግን ምኑ ከምን እንደመጣ ሳውቅ ፍርሃቱ ቀለለኝ፤ ለሐኪም የምናገረውም ነገር ጥርት ያለ ሆነ።

ሐኪም አይደለሁም። የምናገረው ስለ ራሴ ዓይነት ካንሰር ነው። የእናንተ በጣም ሊለይ ይችላል፣ ይህንንም ቶሎ ብዬ የተማርኩት መድኃኒት በምንወስድበት ክፍል ውስጥ ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው ሴት የሚገባላት መድኃኒት ደማቅ ቀይ ነበር። የእኔ ውኃ ይመስላል። «ያንቺ ደካማ ነው መሰለኝ» አለችኝ እየሳቀች። እኔም በሆዴ «የኔ ለምን ቀይ አልሆነም?» እያልኩ ሄድኩ። ሁለታችንም የጡት ካንሰር አለብን፤ ሁለታችንም ኬሞ፣ ማለትም ሴል የሚገድለው የካንሰር መድኃኒት ላይ ነን። ታዲያ ለምን ተለያየ?

ልዩነቱ ያለው ከእጢው ተቆርጦ የተመረመረው ናሙና ላይ ነው። የፓቶሎጂው ውጤት ላይ ሦስት ነገሮች ይጻፋሉ፦ የኤስትሮጅን ተቀባይ፣ የፕሮጄስትሮን ተቀባይ (ሴሉ የእነዚህን ሆርሞኖች መልእክት የሚቀበልባቸው ናቸው) እና ኸር-2። የመድኃኒቱ ምርጫ በአመዛኙ ከእነዚህ ሦስቱ ይነሳል። የእኔ ሦስቱም ፖዘቲቭ ነበሩ። ኸር-2 በሴሉ ሽፋን ላይ የሚቀመጥ ፕሮቲን ነው፤ ለሴሉ «እደግ፣ ተከፋፈል» የሚል መልእክት ያስገባል። ጤነኛ ሴል ላይም አለ። ከ15 እስከ 20 በመቶ በሚሆኑት የጡት ካንሰሮች ላይ ግን ከልክ በላይ ይበዛል። ድሮ ይህ መጥፎ ዜና ነበር፣ ካንሰሩ ፈጣን ስለሆነ። እ.ኤ.አ. በ1998 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) ትራስቱዙማብ የሚባለው መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ከጸደቀ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

እና «ለምን አንድ ጠንካራ መድኃኒት አይበቃም?» ብዬ ጠየቅኩ። ዶክተሬ የጀመሩት ከሳንባ ነቀርሳ ነው። ቲቢ ባንድ መድኃኒት ብቻ ቢታከም፣ ያንን መድኃኒት የሚቋቋሙት ጥቂት ተህዋስያን ይተርፋሉ፤ ኋላ የሚባዙትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ ብዙ መድኃኒት አብሮ ይሰጣል። ካንሰርም አንድ ወጥ አይደለም። በአንድ እጢ ውስጥ ያሉ ሴሎች ጠባያቸው ይለያያል፤ አንዱ መድኃኒት የሳተውን ሌላው ያገኘዋል። ይህ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በልጆች የደም ካንሰር ላይ ሠርቷል። በጡት ካንሰር ደግሞ ሚላን የነበሩት ሐኪም ጂያኒ ቦናዶናና ባልደረቦቻቸው በ1976 ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ሜቶትሬክሴትና ፍሎሮዩራሲልን አጣምረው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሲሰጡ፣ በሽታው የሚመለስባቸው ሴቶች እንደቀነሱ አሳተሙ። ጥምር መድኃኒት እንግዲህ የተስፋ መቁረጥ ምልክት አይደለም። ገና በጊዜ ለተደረሰበት ካንሰርም ይታዘዛል።

ዶክተሬ ሁለተኛውን የማጣመር ሕግ የነገሩኝ ወንድሜ «ሰውነት ይችለዋል ወይ?» ያለውን ሳነሳባቸው ነው። አብረው የሚገቡ መድኃኒቶች ሲመረጡ፣ በተቻለ መጠን የሚጎዱት ቦታ እንዲለያይ ይደረጋል። ሁለቱም አንድ አካል ላይ ከተረባረቡ አይሆንም። የጎረቤቴ ቀይ መድኃኒት ነገር የተፈታልኝ እዚህ ላይ ነው። ቀዩ ዶክሶሩቢሲን ነው። ልብን ሊያደክም ይችላል። ትራስቱዙማብም ልብን ሊያደክም ይችላል። በ2001 በታተመው ትልቅ ጥናት ላይ ትራስቱዙማብን ከዚያ ዓይነት መድኃኒት ጋር አብረው ከወሰዱት ሴቶች 27 በመቶዎቹ የልብ ችግር ገጥሟቸዋል። ስለዚህ ሁለቱም የሚያስፈልጉ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ተራ በተራ ይሰጣሉ። ቀዩን ጨርሶ የማይጨምር ጥምረትም አለ። የእኔ ይሄኛው ነው። ደካማ ስለሆነ አይደለም ቀይ ያልሆነው።

አራቱ እነዚህ ናቸው፦ ዶሲታክሰል፣ ካርቦፕላቲን፣ ትራስቱዙማብ፣ ፐርቱዙማብ። በየሦስት ሳምንቱ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የለመድናቸው ኬሞዎች ናቸው። ዶሲታክሰል ሴሉ ለሁለት ሲከፈል የሚጠቀምበትን መዋቅር አንቆ ይይዛል። ካርቦፕላቲን ዲኤንኤውን ያበላሻል። ሌሎቹ ሁለቱ ኬሞ አይደሉም፤ ኸር-2ን ብቻ ፈልገው የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው። «አንድ ዒላማ ላይ ለምን ሁለት?» ብዬ ነበር። የሚይዙት ቦታ ይለያያል። ፐርቱዙማብ የሚቀመጠው ኸር-2 ከሌላ ተቀባይ ጋር በሚጣመርበት ቦታ ላይ ነው፤ ያን ጥምረት ይከለክላል። ትራስቱዙማብ ከሌላ በኩል ይይዘዋል። ሁለቱም ደግሞ የሰውነትን የመከላከያ ሴሎች ወደ ካንሰሩ ይጠራሉ።

ቁጥር ለሚወድ ሰው አንድ ጥናት ልንገራችሁ፣ እኔን ያሳመነኝ እሱ ነው። ኒዮስፊር ይባላል። 417 ሴቶች ከቀዶ ሕክምና በፊት በአራት ቡድን ተከፍለው ታከሙ። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ጡት ውስጥ ካንሰር ያልተገኘባቸው ስንቶቹ ናቸው? ዶሲታክሰልና ትራስቱዙማብ ከወሰዱት 29 በመቶ። ፐርቱዙማብ ሲጨመርበት 45.8 በመቶ። ሁለቱን ፀረ እንግዳ አካላት ያለ ኬሞ ከወሰዱት ደግሞ 16.8 በመቶ። የመጨረሻዋን ቁጥር ደጋግሜ አየኋት። «ኬሞውን ትተው ዘመናዊውን ብቻ ቢሰጡኝስ?» የሚል ሐሳብ ነበረኛ! አንዳንድ ሴቶች ያለ ኬሞም ጥሩ ውጤት ማግኘታቸው ራሱ ይገርማል። ለእኔ ግን መልሱ ግልጽ ሆነ። በሽታው በተሰራጨባቸው ሴቶች ላይ የተደረገው ክሊዮፓትራ የሚባለው ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። ዶሲታክሰልና ትራስቱዙማብ ላይ ፐርቱዙማብ ሲጨመር፣ አማካይ የመኖር ዕድሜ ከ40.8 ወር ወደ 56.5 ወር ከፍ ብሏል።

የመጀመሪያው ቀን ረጅም ነው፤ ተዘጋጅታችሁ ሂዱ። ፀረ እንግዳ አካላቱ መጀመሪያ ላይ መጠናቸው ከፍ ይላል፣ በቀስታም ነው የሚገቡት። ሰውነት እንዴት እንደሚቀበላቸውም ይታያል። እኔ ትንሽ ተንቀጠቀጥኩ። ሲስተር ፍጥነቱን ቀነሰችልኝና አለፈ። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ መጠኑም ሰዓቱም ያንሳል። ሁለቱን ፀረ እንግዳ አካላት ባንድ ላይ ይዞ ከቆዳ ሥር በመርፌ የሚሰጥ ዝግጅትም ከ2020 ጀምሮ አለ። ባለበት ቦታ ያላችሁ ጠይቁ፤ በደቂቃዎች ያልቃል። ሌላም ግራ ያጋባኝ ነገር ነበር። የካርቦፕላቲኔ መጠን ከዙር ዙር ትንሽ ይለዋወጣል። ተሳስተው እንዳይሆን ፈርቼ ጠየቅኩ። ለካ የሚሰላው በኩላሊት አሠራር ነው። የደም ምርመራው ሲለወጥ መጠኑም ይለወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ የትኛው ችግር የማን እንደሆነ።

ተቅማጡ በአብዛኛው የፐርቱዙማብ ነው፤ ዶሲታክሰልም ያግዘዋል። እኔን በጣም ያሰቃየኝ እሱ ነበር። ሰው ስለ ፀጉር ብቻ ነው የሚያወራው፤ ስለ ተቅማጥ ማንም አያወራም። ተቅማጥ የሚያቆመው ሎፐራማይድ አስቀድሞ ቤት ውስጥ መኖር አለበት፤ መቼ እንደሚጀመርና ስንት እንደሚወሰድ ከመጀመሪያው ዙር በፊት አስጽፉ። ውኃና ጨው መተካት ግዴታ ነው። ካላቆመ ወይም ትኩሳት ከተጨመረበት ደግሞ ቤት ተቀምጦ መታገል የለም፣ መደወል ነው።

የጣት መደንዘዝና የጥፍር መጥቆር የዶሲታክሰል ነው። መድኃኒቱ ሲገባ እጅና እግርን ቅዝቃዜ ውስጥ ማድረግ ብዙ ሰው ይረዳል፤ ወደ ጣት የሚሄደው ደም ስለሚቀንስ ጥፍሩ የሚያገኘው መድኃኒትም ይቀንሳል። ቅዝቃዜውን ጠላሁት፣ ግን ቀጠልኩበት። መደንዘዙን ከጅምሩ ተናገሩ። ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅታችሁ ሳይሆን ገና ጣታችሁ ሲነዝራችሁ። ሐኪሙ መጠን መቀነስ የሚችለው ሲያውቅ ነው፤ የቆየ መደንዘዝ አልለቅም ሊል ይችላል።

ማቅለሽለሹን ካርቦፕላቲን ያብሰዋል። እዚህ ላይም ጥምረት አለ፣ ደግሞ በጣም ያስደሰተኝ ጥምረት ነው። ማስመለስን የሚከላከሉት መድኃኒቶች ራሳቸው ሦስት አራት ሆነው ነው የሚሰጡት። ኦንዳንሴትሮን አንዱን የምልክት መንገድ ይዘጋል፣ አፕሪፒታንት ሌላውን፣ ዴክሳሜታዞን ሁለቱን ያጠናክራል። አንዳንዴ ኦላንዛፒን ማታ ማታ ይጨመራል። በመጀመሪያው ዙር ጥቂት አስመለስኩ። ተናገርኩ። ኦላንዛፒን ተጨመረልኝና በሚቀጥለው ዙር እንቅልፌንም ተኛሁ፣ ሆዴም ተረጋጋ። «ኬሞ ነው፣ ምን ይደረግ» ብሎ ዝም ማለት አያስፈልግም።

ዴክሳሜታዞን ግን ሌላ ሥራም አለው። ዶሲታክሰል በሰውነት ውስጥ ፈሳሽ እንዲጠራቀም ያደርጋል፤ አለርጂም ሊቀሰቅስ ይችላል። ስለዚህ ዴክሳሜታዞኑ ከአንድ ቀን በፊት ይጀመራል። ያን ሌሊት ዓይኔ አይከደንም ነበር። ቤቱን ሁሉ አጸዳለሁ፣ ሁለት ሰው የሚያጠግብ እበላለሁ። ሁለተኛውን እንክብል ማታ ከመዋጥ ከሰዓት በኋላ ባደርገው ይሻላል ወይ ብዬ ጠየቅኩ፣ ተፈቀደልኝ፣ ተሻለኝ።

ሁለቱ ኬሞዎች ተደርበው የሚመቱት አንድ ቦታ ኢንፌክሽንን የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ነው። ይህን ማምለጥ አይቻልም። ስለዚህ ደጋፊ መርፌ ይታዘዛል፤ መቅኒ ነጭ ሴል ቶሎ እንዲያመርት የሚገፋ። ከኬሞው ቢያንስ 24 ሰዓት በኋላ ነው የሚወጋው። አዲስ የሚወለዱት ሴሎች ኬሞው እየሠራ እያለ እንዳይደርሱበት ነው። አጥንት ያሳምማል፤ ወገቤን ይዞኝ አደረ። ግን የሚያሳምመኝ መቅኒዬ እየሠራ ስለሆነ ነው ብዬ ሳስብ ሕመሙን ታገስኩት። ቴርሞሜትር ከአጠገባችሁ አይጥፋ። 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ይኬዳል። ሳይለኩ ፓራሲታሞል መውሰድ ደግሞ ትኩሳቱን ይደብቃል። በኬሞ ላይ ያለ ሰው ትኩሳት እስከ ጠዋት አይቆይም።

ልቤን በየሦስት ወሩ ገደማ በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ ያዩልኛል። በትራስቱዙማብ የሚመጣ የልብ ድካም ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲቆም ይመለሳል፤ መጀመሪያ የሚታየው ግን ሰውዬው ምንም ሳይሰማው በኢኮው ላይ ነው። «ደህና ነኝ» ብሎ ኢኮውን መዝለል እንዳይመጣባችሁ። ደረጃ ስትወጡ ከወትሮው የተለየ ትንፋሽ ማጠር ካለ ወይም እግር ካበጠ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ተናገሩ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ውጤቱ መጣ። እጢው በጣም ቀንሷል፣ ግን ትንሽ ካንሰር ተርፏል። ያን ቀን ተናደድኩ። ያ ሁሉ ተቅማጥ፣ ያ ሁሉ ሌሊት፣ እና ተረፈ? ዶክተሬ «ይሄ ነው ኬሞውን ከቀዶ ሕክምናው ያስቀደምንበት ምክንያት» አሉኝ። መድኃኒቱ ቀድሞ ሲሰጥ፣ ምን ያህል እንደሠራ በዓይን ይታያል። ተርፎ ሲገኝ ቀጣዩ መድኃኒት ይቀየራል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ብቻ ቢሰጥ ኖሮ ይህን አናውቅም ነበር።

የተቀየረልኝ ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን ነው። ይህ መድኃኒት ራሱ ጥምረት ነው። ፀረ እንግዳ አካሉ ላይ ኬሞ ተጣብቆበታል። ኸር-2ን ፈልጎ ይይዛል፣ ከዚያ ኬሞውን ሴሉ ውስጥ ገብቶ ይፈታል። ካተሪን በሚባለው ጥናት እንደ እኔ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ካንሰር የተረፈባቸው ሴቶች ሁለት ቦታ ተከፍለው ነበር። ትራስቱዙማብ ብቻ ከቀጠሉት በሦስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ ሳይመለስባቸው የቆዩት 77 በመቶ ናቸው። አዲሱን መድኃኒት ከወሰዱት ደግሞ 88.3 በመቶ። ንዴቴን ያበረደው ይህ ነው፤ ምክርና «በርቺ» የሚል ቃል አይደለም። በአዲሱ መድኃኒት ላይ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) እና የጉበት ምርመራ ይታያል። ለእኔ ከመጀመሪያው አራት ጥምር ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነበር። ፀጉሬም እሱን እየወሰድኩ በቀለ።

ሁሉም ነገር ግን አንድ ላይ አይሰጥም። የእኔ ካንሰር ሆርሞን ተቀባይም ስላለው የኤስትሮጅን ተቀባይን የሚዘጋው እንክብል፣ ታሞክሲፈን፣ ያስፈልገኛል። «ለምን ከኬሞው ጋር አልጀመርኩትም? ጊዜ አላባከንንም?» ብዬ ነበር። ታሞክሲፈንን ከኬሞ ጋር አብሮ መስጠትን ከኬሞ በኋላ ከመስጠት ጋር ያወዳደረ፣ በ2009 የታተመ ጥናት አለ። የተሻለ ሆኖ የታየው ተራ በተራው ነው። ስለዚህ ኬሞው አለቀ፣ ከዚያ ታሞክሲፈኑ ተጀመረ። ከትራስቱዙማብ ኤምታንሲንና ከጨረሩ ጋር ግን አብሮ ሄደ። ማለትም «ብዙ በተጨመረ ቁጥር ይሻላል» የሚባል ነገር የለም። የትኛው ከየትኛው ጋር፣ መቼ የሚለው ነው ነገሩ።

ታሞክሲፈኑ ከጀመረ በኋላ በድንገት የሚመጣ ሙቀትና ላብ ሌሊቱን አሳጣኝ። ለሌላ ጉዳይ የሄድኩበት ሐኪም ለላቡ ፓሮክሴቲን ጻፈልኝ። ምን መድኃኒት ላይ እንዳለሁ አልጠየቀኝም። ፋርማሲ ውስጥ ግን የቆመችው ባለሙያ «ሌላ የምትወስጂው አለ?» አለችኝ። ዝርዝሩን አሳየኋት። «ይሄ ከታሞክሲፈን ጋር አይሄድም» ብላ መለሰችኝ። ታሞክሲፈን ጉበት ውስጥ ወደ ጠንካራው ቅርጹ መለወጥ አለበት። ፓሮክሴቲን ያንን የሚለውጠውን ኢንዛይም ይዘጋዋል። በየቀኑ ታሞክሲፈኔን እየዋጥኩ ሥራው ሊቀንስ ነበር፣ እኔም አላውቅም። ዶክተሬ በቬንላፋክሲን ተኩልኝ፤ እሱ ያንን ኢንዛይም ብዙም አይነካውም። ያችን ሴት ስሟን እንኳ አልጠየቅኩም፣ ግን ባለውለታዬ ናት።

ይህ የሚመለከተው የሐኪም መድኃኒትን ብቻ አይደለም። ሰው ተቆርቁሮ ቅጠሉን፣ ሥሩን፣ ቫይታሚኑን ያመጣላችኋል። እምቢ ማለት ይከብዳል። እኔ ተቀብዬ አስቀምጥና ለሐኪም አሳያለሁ። ፓልቦሲክሊብ የሚባለውን ሌላ የጡት ካንሰር መድኃኒት ከሚወስዱት አንዷ ግሬፕፍሩት የሚባለው ፍሬ እንደተከለከለች ነግራኛለች፤ በደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን ከፍ ያደርገዋል። ፍሬ ብቻ ነው፣ ግን ያደርጋል።

የሌሎች ጥምረት ሌላ ነው። ሆርሞን ተቀባይ ያለውና ኸር-2 ያልበዛበት ካንሰር ሲሰራጭ፣ ኤስትሮጅንን የሚቀንሰው ሌትሮዞል ከፓልቦሲክሊብ ወይም ከሪቦሲክሊብ ጋር ይሰጣል። ሦስቱም ኔጌቲቭ ለሆነው ደግሞ ኬሞ ከፔምብሮሊዙማብ ጋር፣ ማለትም የሰውነትን መከላከያ ከሚያነቃው መድኃኒት ጋር ይጣመራል። አሜሪካ ውስጥ በ2021 የጸደቀው ገና ላልተሰራጨ ግን አደጋው ከፍ ላለ ካንሰር ነው። በዚህኛው ላይ ያሉ ሴቶች የታይሮይድና ሌሎች ሆርሞን አመንጪ እጢዎች ችግር ከወራት በኋላም ሊመጣባቸው ይችላል። ድካሙን «ኬሞ ነው» ብሎ ማለፍ እዚያ ላይ አያዋጣም።

አሁን ትራስቱዙማብ ኤምታንሲኑን ጨርሻለሁ። ታሞክሲፈኑ ይቀጥላል። ስልኬ ላይ አንድ ገጽ አለ፦ የካንሰሬ ዓይነት ከነሦስቱ ተቀባዮች፣ የወሰድኳቸው መድኃኒቶች ስምና መጠን፣ የመጨረሻው ኢኮ ውጤት፣ አለርጂ የሆነብኝ፣ አሁን የምወስደው። የፓቶሎጂ ወረቀቱንም ፎቶ አንስቼ አያይዤዋለሁ። የጥርስ ሐኪም ጋ ስሄድም አሳያለሁ። ወንድሜም ስልኩ ላይ አለው፤ እኔ መናገር ባልችል እሱ እንዲያሳይ።